«ሲኒየር» ተባልኩ፤ ስንት ተጨመረልኝ?

በቅርቡ የሥራ መደቤ ተቀየረ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ኦፊሰር» ነበርኩ፤ አሁን «ሲኒየር ኦፊሰር» ነኝ። የምሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ አንድ የግል ድርጅት ነው (ስሙ ይቆየን፣ እንጀራዬ ነው)። ደብዳቤው በደረሰኝ ቀን ለእናቴ ስደውልላት በስልክ እልል አለች። ማታ ሰሚት ወደተከራየሁበት ግቢ ስገባ ደግሞ ለጎረቤቴ ነገርኳት። እሷ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት።

«ሲኒየር ማለት ምንድነው?» አለችኝ። ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ። «እሱን ተወውና ስንት ጨመሩልህ?»

ኢኮኖሚክስ ያጠናሁት ለእንዲህ ዓይነት ቀን ነውና ስሌቱን እናንተም እዩት። የተጨመረልኝ 2,000 ብር ነው። ከ14,000 ብር በላይ ባለው የደሞዝ ክፍል ላይ የሚቆረጠው ግብር 35 በመቶ ስለሆነ 700 ብር ሄደ። ጡረታ 7 በመቶ፣ 140 ብር። ኪሴ የገባው 1,160 ብር ነው። ቅዳሜን ጨምሮ በወር 26 ቀን ስለምንሠራ በቀን 45 ብር እንኳ አይሞላም። ከሰሚት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ለታክሲም አይበቃ።

ታዲያ ወጣት ሠራተኛ ስለ ዕድገት መጨነቅ አለበት? አጎቴን ብትጠይቁት «ምን ያስቸኩላችኋል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ በእሱ ጊዜ ይሄድ ነበር። በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ሲቪ ይዞ አይዞርም፤ መንግሥት ራሱ ይመድበው ነበር። ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም የቀበሌ ቤት ኪራይ በየዓመቱ አይጨምርበትም። መጠበቅ ብዙ አያስከፍለውም ነበር ማለት ነው።

እኛን ግን መጠበቅ ያስከፍለናል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚህ ፍጥነት 10,000 ብር ደሞዝ ሳይነካ አንድ ዓመት ቢቆይ፣ የሚገዛው አምና 7,700 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሁለት ወር ውስጥ መቶን አለፈ። በዚህ መሃል «ታገሥ፣ የሚቀጥለው ዓመት እናይልሃለን» የሚል አለቃ ያለ ወለድ አበድረኝ እያለህ ነው። አጎቴ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ግን አልተከራከረኝም።

መልሱ ታዲያ በየስድስት ወሩ መዝለል ነው? ጓደኞቼ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ቦሌ ላይ ካፌ ውስጥ ስንገናኝ አንዱ ሁሌም አዲስ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። አልፈርድባቸውም፣ ደሞዝ በእውነት ሲጨምር ያየሁት እነሱ ጋር ነው። ግን ዝላዩም ዋጋ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አዲስ ቅጥር እስከ 60 የሥራ ቀን ሙከራ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው አልሆንክም ከተባልክ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ትሸኛለህ። የዓመት ፈቃድህም ከ16 ቀን እንደገና ይጀምራል። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ብዙ አላየሁም።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። የመጣችው አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ ካስወጣች በኋላ ነው፤ በየፓርኩ ትእዛዝ የቀነሰባቸው፣ ሠራተኛ ያሰናበቱ ፋብሪካዎች የነበሩበት ወቅት። መደቧ ያን ጊዜም «ኦፕሬተር»፣ ዛሬም «ኦፕሬተር» ነው። ስትገባ የምታውቀው አንድ ማሽን ብቻ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ጋ እየቆመች ኦቨርሎክም፣ ቁልፍ መትከልም ለመደች። አሁን እሁድ እሁድ ቤቷ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ መስከረም ሲቃረብ በሯ ላይ ወረፋ አለ። እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ የተማርኩትን ስቆጥር አንድ ሶፍትዌርና ብዙ ደብዳቤ አጻጻፍ ነው። ሶፍትዌሩም ከእኛ ድርጅት ውጭ ማን እንደሚጠቀምበት አላውቅም።

ስለዚህ የሚያስጨንቀኝ «ሲኒየር» መሆን አለመሆኔ አይደለም። አምና የማልችለውን ዘንድሮ ምን ቻልኩ? ሌላ ቦታስ ይከፈልበታል? የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያዎችን የማነበው አሁን በዚህ ዓይን ነው። ለማመልከት ሳይሆን ሰው ምን እየጠየቀ እንደሆነ ለማየት (እሺ፣ ሁለቴ አመልክቻለሁ)።

አንድ ነገር ግን ለሁላችሁም ይጠቅማል። በዚያው አዋጅ አንቀጽ 12 አሠሪ የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደሞዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ መስጠት አለበት። ስትለቁ ብቻ አይደለም፣ በማንኛውም ጊዜ ስትጠይቁ ነው። ብዙዎቻችን «የሥራ ልምድ» የምንጠይቀው ክሊራንስ ስንጨርስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፊርማው ሳምንት ይፈጃል።

ባለፈው ሰኞ እኔም ሰው ሀብት ክፍል ሄጄ ጠየቅሁ። ኃላፊዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «አሁን ሲኒየር አድርገንህ ልትለቅ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው» አልኳቸው። ሐሙስ ና ብለውኛል።