«ጌሙ ሞቷል» ሲሉን

ልጆቻችን «ያ ጌም ሞቷል» ሲሉ ተዘግቷል ማለታቸው አይደለም፤ ሰው የለበትም ማለታቸው ነው። የኦንላይን ጌም ከጎረቤት ቡና ጋር ይመሳሰላል። ሁለት ሦስቱ ከቀሩ ሲኒው ቢደረደርም ወጉ ይቀዘቅዛል፣ የቀሩትም በየተራ ይጠፋሉ። ልጄና አሜሪካ ያለው የአክስቱ ልጅ የሚገናኙት እዚያው ጌም ውስጥ ስለሆነ፣ የጌም መሞት በእኛ ቤት ቀላል ወሬ አይደለም።

ተጫዋች የሚሸሸው ለምንድን ነው? አንዳንዴ ሥራው ገና ሳይበስል ስለሚቀርብ ነው። የጃፓኑ ስኩዌር ኢኒክስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 14» አዝጋሚና አሰልቺ ነበር፤ ተጫዋቹም ጥሎት ሄደ። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፣ ወርሃዊ ክፍያውን ለጊዜው ተወ፣ ናኦኪ ዮሺዳ የሚባል አዲስ ኃላፊም ሾመ። ዮሺዳ አሮጌውን እየጠጋገነ ጎን ለጎን አዲሱን አሠራ። በ2012 ኅዳር ወር የድሮው ዓለም ጨረቃ ወድቃበት እንዲጠፋ ተደረገ (ታሪኩ ውስጥ ማለቴ ነው)፤ በ2013 ነሐሴ አዲሱ ተከፈተ። ዛሬም ሰዎች በየወሩ እየከፈሉ ይጫወቱታል። ጥፋትን በይፋ አምኖ ሥራን ከመሠረቱ መጀመር በትልልቅ ሰዎች መሥሪያ ቤትም ብዙ አላየሁም።

አንዳንዴ ደግሞ ሰው የለመደው ነገር ይነካበታል። የእንግሊዙ «ሩንስኬፕ» በ2012 የውጊያ ስልቱን ሲለውጥ ብዙዎች ተቆጥተው ወጡ። በማግስቱ ዓመት ኩባንያው ድምፅ አሰጥቶ የ2007ቱን ጌም መልሶ ከፈተላቸው። እዚያ አዲስ ነገር ሲጨመር እስካሁን በአብዛኛው ተጫዋቹ ድምፅ ይሰጥበታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው መንገድ ነው። ጌሙ ሳይሻሻል ልጁን ብቻ የሚጎትት አለ፦ በየቀኑ ለገባ የሚሰጥ ሽልማት፣ እሑድ የሚያበቃ ልብስ፣ ስልክ ላይ የሚመጣ «ናፍቀኸናል» የሚል መልእክት። ይህ ጥገና ሳይሆን ማባበያ ነው።

ስለዚህ ልጄ ወደ ተወው ጌም ሲመለስ «ማን ተመለሰ?» እለዋለሁ። የአክስቱን ልጅ ወይም የጓደኞቹን ስም ከጠራልኝ ደስ ይለኛል። «ዛሬ ካልገባሁ ሽልማቱ ያመልጠኛል» ካለኝ ግን የጌሙን ማሳወቂያ አብረን ከስልኩ ላይ እናጠፋለን፤ የባንክ ካርዱም እኔ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል።