ለአንደኛ ክፍል መምህር ማይክሮስኮፕ አንላክ

የማኅበራችን የዘንድሮ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ምን ላይ ይዋል በሚለው ጥያቄ ላይ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ በአማራ ክልል ላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ መሣሪያ ገዝቶ መላክ ነው፤ ማይክሮስኮፕ፣ የሙከራ ቱቦ፣ ቻርት። ሌላው የንባብ መጻሕፍት መላክ ነው፤ አብዛኞቹ እዚህ ቶሮንቶ ከየቤታችን የሚሰበሰቡ የእንግሊዝኛ የልጆች መጻሕፍት ናቸው። ሁለቱም በቅን ልብ የቀረቡ ናቸው፤ እኔ ግን ለሁለቱም ድምፅ አልሰጥም። ሁለቱም የረሱት አንድ ሰው አለ፤ ጠዋት ፊደል ሲያስቆጥር ቆይቶ፣ ከእረፍት በኋላ በዚያው ክፍል፣ ለእነዚያው ልጆች ስለ ውሃና ስለ ዕፅዋት የሚያስተምረው መምህር።

በኢትዮጵያ በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ከሞላ ጎደል ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል። አማርኛም፣ ሒሳብም፣ አካባቢ ሳይንስም የእሱ ናቸው። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ግን ትልቅ ዕድል ነው እላለሁ፤ ንባብና ሳይንስን ለማገናኘት የሁለት መምህራን ስብሰባ አያስፈልግም፤ ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ ላይ ናቸውና።

የነገሩን ክብደት ለማሳየት ያህል፦ እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ፣ ከ2012 እስከ 2018 በዘለቀ ፕሮግራም፣ በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍትን እንደ አዲስ አዘጋጅቶ መምህራንን አሠለጠነ። ትኩረቱ ንባብ ላይ ሆነ። ትክክልም ነበር፤ የማያነብ ልጅ ምን ይማራል?

ችግሩ ንባብ ብቻውን ሲሮጥ የሚመጣው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2002ቱ የትምህርት ሕግ በኋላ ትምህርት ቤቶች በንባብና በሒሳብ ፈተና ውጤት ስለሚመዘኑ፣ ብዙዎቹ የሳይንስን ሰዓት ቆርጠው ለንባብ ሰጡ። ልጅ መጀመሪያ ማንበብ ይልመድ፣ ዕውቀቱ ኋላ ይደርሳል የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ግን የተረሳ ነገር አለው፤ ሰው የሚያነበውን የሚረዳው ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ በሚያውቀው ልክ ነው።

ሬክትና ሌዝሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1988 ያወጡት አንድ ጥናት አለ፤ ብሉ ጄይስን ለምንከታተል የቶሮንቶ ልጆች በተለይ ይጥማል። ለ64 ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ምንባብ ሰጧቸው። በንባብ ደካማ የተባሉት ግን ቤዝቦል የሚያውቁት ልጆች፣ በንባብ ጎበዝ ከተባሉት ቤዝቦል ከማያውቁት በተሻለ ምንባቡን ተረድተው ተገኙ። ነገሩን ወደ አገራችን አምጡትና ስለ ገና ጨዋታ አስቡ። ሩሯ ስትመታ አይቶ የማያውቅ ልጅ ምንባቡን ሳይደናቀፍ ሊወጣው ይችላል፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አይገባውም። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ሮማንስና ቪታሌ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ የአራተኛ ክፍል የንባብና የሳይንስ ሰዓቶች ተዋህደው በሳይንስ ላይ የተመሠረተ አንድ ረጅም ክፍለ ጊዜ ሲሆኑ፣ ልጆቹ በሳይንስ ብቻ ሳይሆን በንባብም ከሌሎቹ በልጠዋል።

በነርሲንግ ትምህርቴ ይህንኑ ከሌላ በኩል አየዋለሁ። በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንዲት እናት ወደ አማርኛ የተተረጎመ የመድኃኒት መመሪያ አቀላጥፈው አነበቡልኝ። እኛ ነርሶች እንደምናደርገው፣ ያነበቡትን በራሳቸው ቃል መልሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። «ሲሻለኝ አቆመዋለሁ» አሉኝ። ወረቀቱ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ፊደሉ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ሰውነት ውስጥ እንዳለ፣ ሕመሙ ሲታገስም ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ እንደሚችል የሚነግር ዕውቀት ነው። ይህ ደግሞ የሕክምና ትምህርት ቤት ነገር አይደለም፤ ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል መገኘት ያለበት ነው።

ታዲያ ማይክሮስኮፑ ምን አደረገ? አንዲት አክስቴ ወሎ ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። ከውጭ የተላከ የሳይንስ ዕቃ ትምህርት ቤታቸው ደርሶ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ በሞዴል 22 የሚወስደው ሰው ግን ጠፋ። የፈረመበት ሰው ቢሰበር ይጠየቃላ! ከዓመት ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል። የእንግሊዝኛ መጻሕፍቱም ከጎኑ። «እኔ የቸገረኝ ዕቃ አይደለም የኔ ልጅ» አለችኝ፤ «ልጆቹ ቃል ማንበብ ሲጀምሩ የማስነብባቸው ነገር ያልቅብኛል።»

ይህችን አረፍተ ነገር ይዤ ብዙ ቀን አሰብኩ። የሚያልቅባት ነገር ወረቀት ላይ የተጻፈ አጭር፣ እውነተኛ፣ ልጆቹ በተማሯቸው ፊደላት ብቻ የተሠራ ጽሑፍ ነው። ሳይንሱ እንደሆነ በየቤቱ ሞልቷል። እናቱ ጌሾ ስትወቅጥና ብቅል ስታበቅል የሚያይ ልጅ ስለ ዘር መብቀል ለመማር የላቦራቶሪ ቱቦ ምን ያደርግለታል? ገብሱ ይነከራል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ ከቀናት በኋላ ሥር ያወጣል። ውሃ ባይነካውስ? ብርድ ላይ ቢቀመጥስ? ሊጡ በእርሾ ኩፍ ሲል በውስጡ አረፋ የሚያደርገው ምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የትኛውም ቶሮንቶ ያለ የሳይንስ መምህር የሚቀናባቸው ናቸው፤ ዕቃው ደግሞ በነፃ ከጓዳ ይመጣል።

በጣም የማስብበትን ምሳሌ ልናገር። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ተህዋሱ ልጅን ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፤ ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ብሌኑን ይቧጭራል። ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶችን በገጠር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ተህዋሱን ከዓይን ወደ ዓይን ከሚያዛምቱት አንዷ ዝንብ ናት፤ እሷም መራባት የምትወደው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። አሁን ይህን ለአንደኛ ክፍል እንጻፈው፦

ዝንብ መጣች። ዓይን ላይ አረፈች። እግሯ ቆሻሻ ነው። የት ነበረች?

አለቀ። አራት መስመር ነው። ልጁ ያነባል፤ ከዚያ መምህሩ መልሱን አይናገርም፤ ይጠይቃል። በማግስቱ አንድ የታጠበ ሳህንና አንድ ወጥ የቀረበት ያልታጠበ ሳህን ደጅ ይቀመጡና ልጆቹ ዝንብ ይቆጥራሉ። እዚህ 2፣ እዚያ 9። ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ከሥሩ የራሳቸውን አንድ አረፍተ ነገር ይጨምራሉ። ይህ የንባብ ሰዓት ነው ወይስ የሳይንስ? የሒሳብም ሆነ እኮ።

ጤና ያጠናን ሰዎች ቶሎ የምንወድቅበት ወጥመድ አለና ለራሴም ልንገረው፦ በአራት መስመር ትራኮማን እናጠፋለን ብዬ አላወራም። በዋግ ኽምራ በ40 የገጠር ማኅበረሰቦች የተካሄደና በ2022 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ለሦስት ዓመት ውሃ፣ የንጽሕና ትምህርትና የመጸዳጃ ማበረታቻ በተሰጠባቸው ቦታዎች በሕፃናት ዓይን ላይ የተገኘው ተህዋስ ካልተሰጠባቸው ጋር ሲነጻጸር አልቀነሰም። የሚያስደነግጥ ውጤት ነው፤ መድኃኒቱም፣ ቀዶ ሕክምናውም፣ ውሃውም በአንድነት ለረጅም ጊዜ እንደሚያስፈልጉ ይነግራል። እኔ የምለው ሌላ ነው። «ፊትህን ታጠብ» የሚል መፈክር ግድግዳ ላይ ያነበበ ልጅና ዝንቧን ራሱ ቆጥሮ የጻፈ ልጅ ማንበብን እኩል አልተማሩም። ሁለተኛው ጽሑፍ ስለ ዓለም አንድ ነገር እንደሚናገርና ያ ነገር እውነት መሆኑንም ደጅ ወጥቶ ማጣራት እንደሚቻል ተምሯል።

መምህራኑ በሥራ ብዛት ጎብጠዋል፣ ሌላ ሸክም አትጫኑባቸው የሚለው ተቃውሞ ይገባኛል። የምለው ግን አዲስ ሰዓት ጨምሩ አይደለም፤ ያለውን የንባብ ሰዓት ባዶ ከሆነ ምንባብ አውጡት ነው። ከዚያ የሚከብደው መምህራኑ ራሳቸው ሳይንስን መፍራታቸው ነው። በተማሪነታቸው ሳይንስን እንደ ቃላት ዝርዝር ሸምድደው ያለፉ ሰዎች፣ ልጅ ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲጠይቃቸው ቢያስቆሙት አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር ለመምህሩ የሚሆን አንድ ገጽ ያስፈልጋል፤ ልጆቹ ሊጠይቁ የሚችሉት፣ መልሱ፣ መልሱ የማይታወቅ ሲሆንም «አብረን እንመልከት» ማለት እንደማያሳፍር። አገር ቤት ለዚህ የሚሆን መንገድ አለ። ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተደራጅተው መምህራን ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ይገናኛሉ። አዲስ ወርክሾፕ፣ አዲስ ባነር፣ አዲስ ቲሸርት አያስፈልገንም (ቲሸርት የምታሳትሙ ጓደኞቼ ይቅር በሉኝ)።

ማን ይጻፈው? እኛ አይደለንም። የእኛ አማርኛ የሳብዌይ አማርኛ ነው፤ የጎጃም ልጅ ይስቅበታል። በክልሉ ደግሞ ሁሉም ልጅ በአማርኛ አይማርም፤ በኽምጣና፣ በአዊኛና በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ አሉ። የሚጽፉት እዚያ ያሉ መምህራን ናቸው። የእኛ ድርሻ ለጽሑፉ ክፍያ መስጠት፣ ሳይንሱን ማጣራት፣ ሥዕል መሥራትና በተራ ወረቀት በሚባዛ መልክ ማዘጋጀት ነው። ቢቀደድ ማንም አይጠየቅም፤ ሌላ ይባዛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ክልል፣ ሳጥን የሚጫን ዕቃ ከመላክ በስልክ የሚላክ ገጽ ይሻላል።

ለዚህ የሚሆን አርአያ ሩቅ አይደለም። ከ2003 ጀምሮ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና መምህራን በየዓመቱ እየተፈራረቁ ለአንድ ወር ያህል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ከዚያ ባልደረቦቻቸው ጋር ያስተምራሉ። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት መሆን የፈለገ ሐኪም ወደ ውጭ መውጣት ነበረበት። ሥራው ከ2008 ወዲህ ወደ ሌሎች ዘርፎች፣ ወደ ነርሲንግም፣ ሰፍቷል። ለዶክተርና ለነርስ ከተቻለ ለአንደኛ ክፍል መምህር የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የዩኒቨርሲቲው የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ብሉር ላይ፣ ከሴንት ጆርጅ ጣቢያ አፍንጫ ሥር ነው፤ ስንቶቻችን በሩን አንኳኩተናል? በ2016 ዘ ዊክንድ ለግእዝ ትምህርት 50,000 ዶላር ሲሰጥ ከብሉር እስከ ዳንፎርዝ ያለ ሐበሻ ሁሉ በኩራት አወራ፤ እኔም አውርቻለሁ። ለአንደኛ ክፍል ፊደል ያን ያህል የሚያወራ ገና አላየሁም።

ደግሞ ገጾቹ ለእኛም ይሠራሉ። እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩት ታናናሾቻችን በሬና ሞፈር እያነበቡ ያዛጋሉ፤ በሬ አይተው አያውቁምና። እርሾ ግን በየኩሽናችን አለ። ብሉር ላይ ከክሪስቲ እስከ ኦሲንግተን ባሉት ምግብ ቤቶች ጓዳም አለ።

ስለዚህ በመጪው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ግማሹ በአንድ ጉድኝት ውስጥ ላሉ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን ለሃያ አጫጭር የሳይንስ ምንባቦች ክፍያ ይዋል፤ የቀረው ለማባዣ። የሳይንስ ተማሪዎች እያንዳንዱን ገጽ ያጣሩ። መሣሪያውን የሚደግፉ ወገኖች ከተስማሙ በዓመቱ ውጤቱን አይተን ወደ እነሱ ሐሳብ እንመለስ።

የመጀመሪያውን ገጽ አክስቴ ጽፋ ልካልኛለች፤ ስለ እርሾ ነው። «ኩፍ አለ» ብላ ጽፋ ሠርዛዋለች፤ ልጆቿ ፈ ላይ ገና አልደረሱም። በምትኩ «ሊጡ አበጠ» ብላለች።