ነብር አየኝ በል

የአገራችን ሰው ሊዝትበት የፈለገውን ሰው «ነብር አየኝ በል!» ይለዋል። «ነብር አየሁ በል» አይለውም። ልብ ይበሉ፤ የሚያየው ነብሩ ነው፣ የሚታየው ሰውዬው ነው። ይህን አነጋገር መጀመሪያ ያወጣው ሰው አዳኝ ወይም እረኛ የነበረ መሆን አለበት፤ የነብርን ጠባይ በሦስት ቃል ጨርሶ ነግሮናልና።

ጥይቱን አጉርሶ በደን ውስጥ የሚሄድ አዳኝ ራሱን ፈላጊ፣ አውሬውን ተፈላጊ አድርጎ ይቈጥራል። የሚፈልገው ድኩላ ወይም ከርከሮ ከሆነ እውነቱን ነው። ነብር በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እርስዎ ቅጠሉን እያንኮሻኮሹ ሲመጡ እርሱ ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሞ፣ ወይም ከቍጥቋጦ ሥር ልጥፍ ብሎ ቈይቶዎታል፤ አካሄድዎንም መርምሮ ለእርሱ እንዳልመጡ ካወቀ በኋላ ዝም ብሎ ያሳልፍዎታል። አንድ ጊዜ ከአዲስ ዓለም በላይ ባለ መንደር የሚኖሩ ሽማግሌ አግኝቼ፣ «አባባ፣ ነብር አይተው ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔማ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እሱ ስንት ጊዜ እንዳየኝ ግን እሱን ጠይቀው፣ ልጄ» ብለው ሣቁብኝ።

በአዲስ ዓለም በኩል የነብር ነገር ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲሄዱ ከሆለታ ቀጥላ የምትገኘው ይህች ከተማ የተመሠረተችው በእንጨት ምክንያት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ያሰቡት የአዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀ ስላስቸገረ ነበር። ኋላ ባሕር ዛፍ መጣና አዲስ አበባ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረውም ሥራ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ዘመን ደን ዛሬ ተራርፎ የምናገኘው በሁለት ወገን ነው። አንዱ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው፤ ይህንን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የጥዱን ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ ይተረካል። ሁለተኛው በምዕራብ ከጊንጪ በላይ ያለው የጭሊሞ ደን ነው። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው ባለበት ጉሬዛው፣ ሚዳቋውና ከርከሮው አለ፤ በሳይንስ መጠሪያው ላይ የምኒልክን ስም የያዘው ጥቁር ድኩላም አለ። እነዚህ ባሉበትም የአካባቢው ኦሮሞ ቄረንሳ የሚለው ነብር አለ።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አንድ የሕግ ቃል እንናገር። ዛሬ ማንም ሰው ጠመንጃ ስላለው ብቻ ተነሥቶ ማደን አይችልም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ነብር እንዴት እንደሚገደል ለማስተማር አይደለም። ፈቃድ አግኝቶ ሌላ አውሬ ሊያድን የወጣ፣ የጠፋ ጥጃ የሚፈልግ፣ ማር የሚቈርጥ ወይም ማታ ከማሳው ከርከሮ የሚጠብቅ ሰው ከነብር ጋር ቢገናኝ ምን ያድርግ? ጥያቄው ይህ ነው።

መጀመሪያ ያገኙት ነብር መሆኑን ይወቁ። በየጠላ ቤቱ ከሚወራው የነብር ወሬ ግማሹ የአነር ወሬ ነው። አነር ዥጉርጉር ቢሆንም እግሩ ረጅም፣ ጆሮው ትልቅ፣ ጅራቱ አጭር ነው፤ አይጥና ወፍ የሚይዝ እንጂ በሰው የሚመጣ አይደለም። አቦ ሸማኔ እንደሆነ የሜዳና የቆላ ሯጭ ነው፤ በወጨጫ ጥድ ውስጥ አይፈልጉት። ግስላ የምንለው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የተለየ አውሬ አይደለም። ነብር ነው፤ ጠጕሩ ስለጠቈረ ብቻ ነው። ከአንዲት እናት በአንድ ጊዜ አንዱ ደቦል ዥጉርጉር፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ግስላውን በጠራ ፀሐይ ቢያዩት ከጥቁሩ በታች ነጠብጣቡ ይታያል፤ ያን ያህል ቀርቦ የሚያይ ሰው ማግኘት ነው ችግሩ።

ዱካውንም ማወቅ ይጠቅማል። ጅብና ውሻ ሲረግጡ የጥፍራቸው ምልክት ከጣቶቹ ፊት ይታያል፤ ነብር ግን ሲሄድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባልና የሚያትመው ክቡን መዳፍና አራቱን ጣት ብቻ ነው። ድምፁም እንደ አንበሳ አያስገመግምም፤ ደረቅ ግንድ በመጋዝ ሲሰነጥቁ እንደሚሰማው ሻካራ ሆኖ እየተቈራረጠ ይመጣል። (በደን ዳር የሚኖር ሰው በሌሊት ይህን ድምፅ ሲሰማ ነብር ይሁን ብሎ ይጸልይ፤ እውነተኛው መጋዝ ከሆነ የሚያልቀው ደኑም ነብሩም ነውና።) ጉሬዛና ዝንጀሮ ከዛፍ ላይ ወደ አንድ ስፍራ ብቻ እያዩ ሲንጫጩ፣ ሚዳቋም እያፏጨች ስትዘል፣ ባለቤቱ በዚያ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ መንገድ መለወጥ ፍርሃት አይባልም።

አሁን ዐይን ለዐይን ተጋጠማችሁ እንበል። መሮጥ አይገባም፤ የሚሸሽ ነገር ባየ ጊዜ የነብር እግር ሳይታዘዝ ይነሣል። ዐይኑንም አፍጥጠው አይዩት። ነብር እስካልታየ ድረስ ተደብቄአለሁ ብሎ ያምናል፤ ዐይንዎ ዐይኑ ላይ ያረፈ እንደሆነ ግን መደበቂያው እንደተገለጠበት ያውቃልና ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይመጣል። ስለዚህ እንዳላዩት ሰው በዳር ዐይን እየጠበቁ፣ ጀርባ ሳይሰጡ፣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ መራቅ ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ጅራቱን ካወናጨፈ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ፊት አይጨምሩ፤ በአጠገቡ ደቦል ወይም የገደለው ሥጋ አለ ማለት ነው። ከመጣ ደግሞ ባሉበት ቆመው በሙሉ ድምፅ ይጩኹ፤ ዱላዎን ከፍ ያድርጉ፤ አንገትዎን ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ ሊያስፈራራ ይመጣና በመንገድ ይመለሳል።

በአሜሪካ ከካናዳ ጀምሮ እስከ ቺሌ ደቡብ ድረስ ፑማ ወይም ኩጋር የሚባል፣ ነጠብጣብ የሌለው ቡናማ አውሬ አለ። የዚያ አገር ሰዎች ለአዳኞቻቸው የሚሰጡት ምክር አትሩጡ፣ ሕፃን ካለ አንሡ የሚለው ከእኛው ጋር አንድ ሆኖ፣ በዐይን ነገር ግን ይለያል፤ ፑማውን አፍጥጣችሁ እዩት ይላሉ። እርሱ ከኋላ መምጣት የሚወድ ነውና ያየው ሰው ያሳፍረዋል። የፑማን ምክር ለነብር መጠቀም አይበጅም። ፑማ በሰሜን አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ የገደለው ሰው ሠላሳ አይሞላም። ነብር ግን ሰው መብላት ከለመደ ሌላ ነገር ነው። በሰሜን ሕንድ ሩድራፕራያግ በተባለ ስፍራ አንድ ነብር ከ1918 እስከ 1926 እ.ኤ.አ. 125 ሰው ከገደለ በኋላ ነው ጂም ኮርቤት የተባለ አዳኝ የገደለው። እንዲህ ያለው ከብዙ ሺህ አንድ ነው። ሌላው ሁሉ ሰውን ሲያይ መንገድ የሚለቅ ነው፤ ሰው ካላቈሰለው።

ያቈሰለው እንደሆነ ምን እንደሚሆን የካርል ኤክሌይ ታሪክ ይነግረናል። ኤክሌይ አሜሪካዊ ነበር፤ ሥራውም የእንስሳትን ቈዳ ሞልቶ ለሙዚየም ማቆም ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ከምሥራቅ ድንበራችን ማዶ በሶማሌ ምድር ሲያድን፣ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ከቍጥቋጦ ውስጥ አንድ ጥላ ሲንቀሳቀስ አየና ምን እንደሆነ ሳያጣራ ተኰሰ። የተመለሰለት የነብር ቍጣ ነበር። ስሕተቱን ወዲያው ዐወቀ፤ ጨለማው ሳይደርስበት ትቶ ሊሄድ መንገድ ጀመረ። ነብሯ ግን አልተወችውም፤ ተከተለችው። ደጋግሞ ተኰሰ፤ ጥይቱ አለቀበትና ሌላ ሊያጐርስ ሲታገል ዘልላ ጠመንጃውን ከእጁ አስጣለችው። ያሰበችው ጕሮሮውን ነበር፤ ያገኘችው ቀኝ ክንዱን ሆነ። የመጀመሪያው ጥይት የኋላ እግሯን መትቶት ስለነበረ ዝላይዋ ሳይስት አልቀረም። ኤክሌይ ክንዱን ከአፏ ጥቂት በጥቂት እየጐተተ፣ በግራ እጁ ጕሮሮዋን አንቆ፣ ቀኝ ጡጫውን ወደ አፏ ውስጥ እየገፋ አብረው ወደቁ። እርሱ ከላይ ሆነ፤ በጕልበቱ ደረቷን ተጭኖ የጐድን አጥንቷ ሲሰበር ተሰማው። በዚህ ሁኔታ በባዶ እጁ ገደላት። ሁለቱ እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው ከነብሯ ሬሳ አጠገብ ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ።

ይህች ነብር ክብደቷ 36 ኪሎ ያህል ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ክብደት ማለት ነው! ትልቁ ወንድ ነብር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጐልማሳ ሰው ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን ከራሱ የሚከብድ ድኩላ በጥርሱ ነክሶ ዛፍ የሚወጣ ጡንቻ ነው። አንበሳ አንድ ሰው ከያዘ በዚያው ላይ ይቈያል፤ የቈሰለ ነብር ግን አንዱን ቦጭቆ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይዘላል። በዱሮ ዘመን አንድ ጥይት ብቻ የሚጐርስ ውጅግራ ይዘው ተሰልፈው የገቡ ወንድማማቾች በአንድ ነብር ሁሉም ደም ለብሰው የሚወጡት ስለዚህ ነበር። «የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» የተባለው ለተኳሽ ሰው ተብሎ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ጥይት ጅራቱን መያዝ ነው።

በዱሮው ወግ ነብር የገደለ ሰው ይፎክራል፣ ይሸለማል፣ ለምዱንም ለብሶ በአደባባይ ይታያል። ያን ወግ ለመናቅ አይደለም፤ በጦርና በጋሻ የገጠመ ሰው ቢፎክር ይገባው ነበር። ወጥመድ አጥምዶ፣ እግሩ ገብቶ የቈየውን ከሩቅ የሚተኵስ ሰው ፎክሮ ምን ሊል ነው? ቈዳውን ያስወደደውም ጀግንነት ብቻ አልነበረም። በ1962 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ዣክሊን ኬኔዲ የነብር ቈዳ ካፖርት ለብሰው በታዩ ጊዜ የሀብታም ሴቶች ሁሉ ዐይን ወደዚያ ሄደ፤ የአፍሪካ ነብርም ዋጋውን በነፍሱ ከፈለ። ኤክሌይ ራሱ በኋለኛው ዘመኑ ሐሳቡን ለውጦ፣ የቤልጂግ ንጉሥ አልበርት በኮንጎ ለጎሬላ ጥብቅ ስፍራ እንዲከልሉ ወትውቶ በ1925 እ.ኤ.አ. ተከለለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ተራራ ላይ ሞቶ ተቀበረ።

በእኛ በኩል ዛሬ ክፉው ነገር ያለው ከአዳኙ ይልቅ በበረቱ ነው። ደኑ በጠበበና ድኩላው ባለቀ ቍጥር ነብሩ ወደ ፍየሉ ይመጣል፤ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ደግሞ ውሻ ነው። ውሻ ይዞ ደን የሚገባ ሰው ይህን ይወቅ፤ ነብር ያባረረው ውሻ የሚሮጠው ወደ ጌታው ነውና፣ ነብሩን ራሱ ይዞት ይመጣል። ፍየል ያለቀበት ገበሬ በሬሳው ላይ መርዝ ቢያደርግ ቍጣው ይገባኛል፤ ፍየሉ የልጁ የትምህርት ቤት ደብተር ነበረና። ነገር ግን መርዙን ብዙ ጊዜ የሚበላው ነብሩ አይደለም፤ ጆቢራው፣ ጅቡና የጎረቤቱ ውሻ ናቸው። ወጥመዱም ቢይዘው፣ ገመዱን በጥሶ ያመለጠ አንካሳ ነብር ድኩላ መያዝ ስለማይችል ለዘወትር የመንደር ጠላት ይሆናል። ጣሪያው በእሾህ የተደፈነ በረትና ማታ ወደ ውስጥ የሚገባ ውሻ ከሁለቱም ይሻላሉ።

በመጨረሻ ስለ ቍስሉ። በዱሮ ጊዜ በነብር ተቧጭሮ የሞተው ሰው ብዙውን ጊዜ የሞተው በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከቀናት በኋላ ነው። ጥርሱና ጥፍሩ የበሰበሰ ሥጋ ይዞ ወደ ሰውነት ጠልቆ ስለሚገባ ቍስሉ ይመግላል። ኤክሌይን ያዳነው ጡጫው ብቻ አይደለም፤ ጓደኞቹ ያን ዕለት ማታ በእያንዳንዱ የጥርስ ቀዳዳ ውስጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እየሞሉ፣ በአንዱ ቀዳዳ ያስገቡት በሌላው እስኪወጣ ድረስ ስላጠቡት ነው። ስለዚህ ቡና መነስነስና አመድ መለጠፍ ይቅር። ደሙ የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ፤ ከዚያም ለሩብ ሰዓት ያህል በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፤ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ የመንጋጋ ቈልፍና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ መጠየቅ ነው። የሐኪም ቤቱ ሰው ቍስሉን ሳይሰፋ ክፍት ቢያቈየው አይቈጡት፤ ከላይ ተዘግቶ ከውስጥ እንዳይመግል ብሎ ነው።