«ጎመን የድሃ ነው» ላላችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት። ሁለት እስር ጎመን በፌስታል አንጠልጥሏል። ግቢውን አውቀዋለሁ፤ ከእናቱ የወረሰው ሰፊ ግቢ ነው። እሱ ልጅ ሳለ የእናቱ ጎመን ከአጥሩ በላይ ይታይ ነበር። «እንዴ! የእናትህ ጓሮስ?» አልኩት። ሳቀ። «ጋሼ ደግሞ! ጎመን እኮ የድሃ ነው። አሁን ማን በጎመን ይደክማል?» አለኝ። የድሃውን ምግብ በገዛ ብሩ ገዝቶ፣ በፌስታል ይዞ!

ገበያ መሃል ልቆጣው አልፈለግሁም። እዚህ ግን ልቆጣ። በእሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሁላችሁም ላይ፣ በራሴም ጭምር።

መጀመሪያ የጊዜውን ነገር እናጥራው። ክፍል ውስጥ «ፀደይ መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቃችሁ፣ አደይ አበባው እየታወሳችሁ «መስከረም!» ትሉኝ ነበር። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 በኋላ ያለው መፀው ነው። ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አሁን ውስጡ ነን ማለት ነው። በልጉ ከቀናው የሚዘንብበት፣ ካልቀናውም ክረምቱ ሳይደርስ አፈር የሚለሰልስበት፣ የጓሮ ዘር የሚፈላበት ወቅት ነው። ስሙን ለመስከረም ሰጠነው፤ ሥራውን ደግሞ ለማንም ሳንሰጥ ተውነው።

አሁን ያልዘራ ሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጓሮው ባዶ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሆኑ ላስታ ላደገ ሰው አይነገርም። ጎተራው ይራቆታል፣ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። አያቶቻችን ያቺን ክፍተት የሚሻገሩት በጎመን ነበር። እንቁጣጣሽ ሲደርስ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውም ለዚህ ነው። እኔ ይህን አባባል እንደ ስድብ አልሰማውም። ሥራውን ጨርሶ የሚሄድን እንግዳ እንደ መሸኘት ነው፤ ክረምቱን ያሻገረ ሰው ነው «ውጣ» የሚለው። እኛ ግን ከምንቸቱ ጋር ዘሩንም አውጥተን ጣልነው። ከዚያ ክረምቱ ሲመጣ የቆላውን መኪና እንጠብቃለን።

መኪናው ካልመጣስ? ይህን መገመት አያስፈልገንም፤ አይተነዋል። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ከተማችን በጦርነቱ ወራትን ያሳለፈችበትን ጊዜ አስታውሱ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። የጋሸናው መንገድ ዝግ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ከቆቦ በኩል መምጣቱ ቀረ። በእኛ ሰፈር ለሰው የሚተርፍ አረንጓዴ ነገር የነበረው አንድ ግቢ ብቻ ነበር፤ የአንዲት እማሆይ ግቢ። ስንት ጊዜ «እኚህ ሴትዮ ከጎመናቸው ጋር ሲያወሩ ይውላሉ» ብለን የሳቅንባቸው እማሆይ!

እኔም ደጃቸው ቆምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ ፎቶሲንተሲስን በጠመኔ ስስል የኖርኩ ሰው፣ በግቢዬ አንዲት ቅጠል አልነበረኝም። ኪሴ ውስጥ የቀረችውን ብር አውጥቼ ዘረጋሁ። «መምህር፣ ብርህን ያዝ። አንድ ጀሪካን ውሃ ቅዳልኝ» አሉኝ። ቀዳሁ። ሰፈሩ ሁሉ ቀዳ። ያን ጊዜ ባንክ ቢከፈትም ብር አይበላም ነበር።

አሁን ሰበባችሁን አንድ በአንድ እንየው።

«ውሃ የለም።» ይሄ እውነት አለበት። ከምንጭ በጀርባዋ ጀሪካን ተሸክማ የምትመጣን እናት «ጎመንም አጠጪበት» የምል ድፍረት የለኝም። ግን አሁን የሚያስፈልገው ሰፊ እርሻ አይደለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች የችግኝ መደብ ናት። ለእሷ እህልና አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃታል፤ ሳሙና የገባበትን ብቻ ተዉት። በደረቅ ሣር ሸፈን አድርጋችሁ ጠዋትና ማታ በጣሳ ማርከፍከፍ ነው። ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩን አንሱለት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ ችግኙን ነቅላችሁ በሰፊው ትተክላላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚያጠጣው ሰማይ ነው። ያን ዝናብ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ችግኝ አለህ ወይ ነው ጥያቄው።

«መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ቦታም የለም።» ይሄን የሌላ አገር ሰው ቢለኝ እሰማው ነበር። አንተ ግን 11 አብያተ ክርስቲያናት ከቋጥኝ ፈልፍለው፣ የዝናቡን ውሃ መውረጃ ሳይቀር በድንጋይ የቀደዱ ሰዎች ልጅ ነህ። እነሱ ድንጋዩን ቤት አደረጉት፤ አንተ አንድ ክንድ አፈር ከላዩ ማልበስ አቃተህ? ተከራይ ከሆንክ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሙላበትና በር ላይ አቁመው። አንድ ከረጢት ሦስት አራት እግር ጎመን ይይዛል። የሳተላይት ዲሽ ለማቆም ቦታ አላጣህም።

«ዘር የሚሰጠን የለም።» ይቺ ደግሞ በጣም የምታናድደኝ ናት። የሐበሻ ጎመን የዚሁ ደጋ የራሱ ልጅ ነው፤ ሳይንሱም መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ እንደሆነ ይናገራል። እናቶቻችን ዘር የሚያድል ድርጅት አልጠበቁም። ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ሦስት እግር ሳይቀነጥሱ ይተዉታል፣ ያብባል፣ ያፈራል፤ ገሚሱ ለከርሞ ዘር ይቀመጣል፣ ገሚሱ ምጣድ ያሰሳል። ዛሬ ምጣዱን በተገዛ ዘይት እናሰሳለን፣ ዘሩን በፓኬት እንለምናለን። በፓኬት የሚመጣው የተዳቀለ ጥቅል ጎመን ክፉ ነው አልልም። ግን ከእሱ ዘር ይዤ እቀጥላለሁ ብትል እናቱን የሚመስል አታገኝም፤ በየዓመቱ ተመልሰህ ገዢ ነህ።

«ዶሮና ፍየል ይጨርሱታል።» እሾህ አጥር እስከ መቼ የአያቶችህ ጥበብ ሆኖ ይቀራል? ሂድና ቆርጠህ አጥር።

የመጨረሻው ሰበብ በአፍ አይነገርም፤ እኔ ልናገረው። «ጓሮ የሴት ሥራ ነው።» ወንዱ ሞፈር ቢይዝ ያኮራዋል፤ ለጎመን ውሃ ይዞ ቢታይ ያፍራል። እሷ ውሃውም፣ እንጨቱም፣ ልጁም አለባት፤ ጎመኑ ሲደርቅ ደግሞ «ሰነፈች» ትባላለች። እውነቱን ከተነጋገርን፣ ጓሮዎቻችንን ያደረቃቸው ከውሃው ማነስ ይልቅ ይሄ ኩራት ነው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ፣ ገዝተን እንበላለን» የሚል አይጠፋም። ላለው ሰው ይሁን። ግን የሌለውን አስቡት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 ከመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ማለት ነው! መቀንጨርን ለማጥፋት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል ስሙ ምንድን ነው? የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ሰቆጣ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጎረቤታችን ዋግ ነው። በደጃችን ስም ቃል ተገብቶ እኛ ደጃችንን ባዶ ትተን ተቀመጥን። ጎመን ብቻውን መቀንጨርን ያጠፋል የሚል ሰው ቢኖር መጀመሪያ የምከራከረው እኔ ነኝ። ሕፃን ወተት ይፈልጋል፣ እንቁላል ይፈልጋል፣ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ግን ሽሮ ብቻ ለሚበላ ልጅ በትንሽ ዘይት የተሠራ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ለዓይኑም ለደሙም ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ደግሞ አንድ ሜትር መደብ ነው።

ውጭ ያላችሁ ተማሪዎቼም አትሳቁ። እናንተ «ኬል» እያላችሁ በውድ ዋጋ የምትገዙት የጎመን ዘመድ ነው። እዚያ የጤነኛ ሰው ምግብ፣ እዚህ የድሃ ምግብ! ወደ ቤት ብር ስትልኩ «ጓሮው እንዴት ነው?» ብላችሁም ጠይቁ።

እንግዲህ የቤት ሥራ። ግንቦት ልደታ ሳይደርስ መደቧ ትዘጋጅ፣ የጎመኑ ዘር ይፍላ። ፍጉ የበሰበሰ ይሁን፤ እርጥቡ ሥር ያቃጥላል። ኩበቱን ለምድጃ ማንደድ ካልቀረልን፣ ቢያንስ አመዱን አትድፉት፤ ክሽክሽ ሲመጣ ጠዋት በጤዛ ቅጠሉ ላይ ይነሰነሳል። ቤት ውስጥ ቡቃያ ያወጣ ድንች ካለ አትጣሉት፣ ዝናቡ ሲጀምር ቅበሩት። ዱባም ከአጥሩ ሥር ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል አድርጉ፤ መውጫውን ራሱ ያውቃል። መደቡን ግን ከባሕር ዛፍ አርቁት፤ እሱ ከጎረቤቱ ጋር ውሃ አይካፈልም።

ገበያ ላይ ያገኘሁህ ልጄ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። አልተቀየምኩህም። እኔ ራሴ እስክቸገር ድረስ አልነቃሁም፤ አንተ ሳትቸገር እንድትነቃ ነው የምጮኸው። የእናትህ ጓሮ አፈር አሁንም ጥቁር ነው፤ በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ።

የእኔ መደብ ባለፈው ሳምንት ተዘርቷል። ዘሩ ከእማሆይ ጓሮ የመጣ ነው፤ ከዓመት ዓመት ሳላቋርጥ አቆይቼዋለሁ፤ ዘንድሮም ተርፎኛል። የፈለገ ሰው ቤቴ ይምጣ። ብር አልቀበልም። አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ይምጣ።