3 ሌሊት የጎደለችው ካርድ

ባለቤቴ ለሥራ ከሀገር ሀገር ስለሚመላለስ የሆቴል ነጥብ ያጠራቅማል። አንድ ዓመት የፈረንጆቹ ዲሴምበር ሊያልቅ ሲል፣ «22 ሌሊት ሞልቶልኛል፤ 3 ብቻ ብጨምር ጎልድ እሆናለሁ። ከልጆቹ ጋር እዚሁ አዲስ አበባ ለምን አናድርም?» አለኝ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ይቺን «3 ብቻ» በደንብ አውቃታለሁ፤ እኛም ደንበኛ የምናስርባት ገመድ ናት።

እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ካርድ ካለ የሚከተለውን ይስሙ። ማሪዮት፣ ሸራተንን የያዘውን ስታርዉድን በ2016 እ.ኤ.አ. በ13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። የኛው ሸራተን አዲስም ስሙን እንደያዘ ወደ አዲሱ ቤተሰብ ገባ። በ2018 የአባላት ፕሮግራሞቹ ተዋሐዱ፤ በ2019 ደግሞ «ቦንቮይ» ተባሉ። አንድ የስታርዉድ ነጥብ በ3 የማሪዮት ነጥብ ተመነዘረ። ቁጥሩ ሲበዛ ደስ ይላል፤ ክፍሉም የሚገዛው በዚያው በረከሰው ነጥብ መሆኑ ይረሳል እንጂ።

የከረረው ለውጥ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። የድሮው የስታርዉድ ጎልድ አባል በ25 ሌሊት፣ በሚለቅበት ቀን እስከ 10 ሰዓት ክፍሉን ይዞ መቆየት ይችል ነበር። አሁን በዚያው 25 ሌሊት የሚገኘው ጎልድ እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ያውም ክፍል ካለ። 10 ሰዓትን ለማግኘት 50 ሌሊት አድረው ፕላቲነም መሆን አለብዎት። ማታ ለሚበር ነጋዴ 2 ሰዓት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሕፃን ለያዘች እናት ግን ልጇ የሚተኛበት ጊዜ ነው። ነፃ ቁርስም ቢሆን በብዙዎቹ ሆቴሎቻቸው ከፕላቲነም በታች አይታሰብም።

ስለዚህ ባለቤቴን «ጎልድ ለአራታችን ምን ያበላናል?» አልኩት። 25 በመቶ ተጨማሪ ነጥብ፣ ከተገኘ ሻል ያለ ክፍል፣ እና ያቺው 8 ሰዓት። የ3 ሌሊቱ ሒሳብ ደግሞ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ይነካ ነበር።

ነጥብን እንደ እህል ጎተራ ከትተው አያቆዩት። 24 ወር ካልተንቀሳቀሰ ይቃጠላል፤ ከ2022 ወዲህም ቋሚ የዋጋ ሰንጠረዥ ስለቀረ የአንድ ክፍል የነጥብ ዋጋ ከቀን ቀን ይለዋወጣል። በነጥብ 5 ተከታታይ ሌሊት ሲይዙ ግን የ4ቱን ብቻ ነው የሚከፍሉት፤ ከጥቅሞቹ ሁሉ ለቤተሰብ ደህና ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ነው።

ባለቤቴ ዓመቱን በ22 ሌሊት ዘጋ፤ ዛሬም ሲልቨር ነው። ክረምት ላይ በተጠራቀመው ነጥብ ዱባይ 5 ሌሊት አደርን። ቁርሱን ከፍለን በላን።