ሽርሽሩስ ለማን ነው?

ክረምት ሲገባ የመሥሪያ ቤት ክለቦቻችን ለዝግጅት ወደ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱና አዳማ ይወጣሉ። ሆቴል ይያዛል፣ ልምምድ ይሠራል፣ አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ፎቶ ይነሳሉ፤ አለቀ። ሽርሽር ማለት ይሄ ነው እንዴ?

ከሐዋሳ በብላቴ በኩል ወደ ሶዶ ሲኬድ ዲምቱ አለች። የብላቴ ወንዝና የዱጉና ተራራ በዚያው አካባቢ ናቸው። አንድ የባንክ ወይም የፋብሪካ ቡድን አውቶቡሱን እዚያ አቁሞ ጠዋት ተራራ ቢወጣ፣ ከሰዓት ደግሞ ከከተማዋ ልጆች ጋር ቢጋጠም ምን ይጎድልበታል? ትንፋሽም ያገኛል፣ ደጋፊም ያፈራል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2009 ዓ.ም. ከሊጉ ሲወርድ የወንዶች ቡድኑ ፈርሷል። እንደገና ተቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ማንሳቱ ደስ ይላል፤ ግን ሁሉም ፈራሽ እንዲህ ዓይነት ዕድል አያገኝም። በአንጻሩ የዲምቱ ጎረቤት ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብጹን ዛማሌክ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲያስወጣ ከኋላው ሕዝብ ነበረው።

በጀት ብቻ ያለው ቡድን በአንድ ደብዳቤ ይፈርሳል፤ የሚያለቅስለትም የለም። የቡድን መሪዎች ሆይ፣ ጭቃው አያስፈራችሁ፤ ሕዝብ ወዳለበት ውጡ!