የተጣለው ቺፕ ወደ አውሮፕላኑ ሲመለስ

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም አንድ የጦር አየር ማረፊያ ያረጀ ኮምፒዩተሩንና የተቃጠለ የራዳር ሰሌዳውን ከንብረት መዝገብ ሲሠርዝ ጉዳዩ እንዳበቃ ይቆጠራል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በወጪ ሰነዱ ላይ ይፈርማል፤ ጨረታ ይወጣል፤ የተሻለ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ጭኖ ይሄዳል። በእኛ እምነት ግን ከባዱ የኃላፊነት ምዕራፍ የሚጀምረው ከዚያች ፊርማ በኋላ ነው። ለዚህም ከሁሉ የገዘፈ የአየር ኃይል ባለቤት በሆነችው በአሜሪካ ላይ የደረሰው በቂ ማስረጃ ይሆነናል።

እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ገደማ፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን እንዲያድን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፒ-8ኤ ፖሲደን አውሮፕላኖች በአንደኛው ላይ፣ በረዶ መጋገሩን ለአብራሪው የሚያስታውቀው መሣሪያ ሥራውን አቆመ። ተከፍቶ ሲታይ ዋነኛው ቺፕ ከመቀመጫው ተነቅሎ በሣጥኑ ውስጥ ሲንኳኳ ተገኘ። አዲስ ተብሎ የተገዛው ይህ ዕቃ ያገለገለና ገጽታው ታድሶ የተሸጠ ነበር። ባሕር ኃይሉ ነገሩን በይፋ እንዲያውቅ የተደረገው ግን በ2011 ነሐሴ ወር፣ ይኸውም ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ዘግይቶ ነው።

ይህ የአንድ አውሮፕላን የተለየ አጋጣሚ ነው እንዳይባል፣ የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ሪፖርት ሐቁን ፍርጥርጥ አድርጎ አሳይቷል። በ2009 እና በ2010 ብቻ በመከላከያ አቅርቦት ውስጥ ወደ 1,800 የሚጠጉ የአስመስሎ ሥራ ጥርጣሬዎች ተመዝግበዋል፤ የተጠረጠሩት ክፍሎች ብዛትም ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሲ-130ጄ እና ሲ-27ጄ በተባሉት የማጓጓዣ አውሮፕላኖች ውስጥ፣ ለአብራሪው የሞተሩን፣ የነዳጁንና የአቅጣጫውን ሁኔታ በሚያሳዩት መስተዋቶች ውስጥ ሳይቀር ሐሰተኛ የማኅደረ ትውስታ ቺፖች ገብተው ተገኝተዋል። መስተዋቱ በአየር ላይ ድንገት ቢጨልም የሚከተለውን ለመገመት አብራሪ መሆን አያስፈልግም።

እነዚህ ቺፖች ከየት መጡ? ኮሚቴው እስከ ምንጫቸው ከተከታተላቸው ጉዳዮች ከ70 በመቶ የሚበልጡት መነሻቸው ቻይና ሲሆን፣ በተለይም በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የሻንቱ ከተማ አካባቢ ጎልቶ ተጠቅሷል። በዚያው አካባቢ የምትገኘው ጉዪዩ የበለጸጉት አገሮች የተጣለ ኮምፒዩተር የሚራገፍባት ከተማ ሆና ለረጅም ዓመታት ታውቃለች። ሠራተኛው ሰሌዳውን በከሰል ምድጃ ላይ አግሎ እርሳሱ ሲቀልጥ ቺፑን ይነቅላል፤ በወንዝ ውኃ ያጥባል፤ በወንዙ ዳር ያሰጣል። ቀጥሎ የቀድሞው ጽሑፍ ተፍቆ አዲስ ቁጥርና አዲስ ዓመተ ምሕረት ይታተምበታል። ወርቁን ለማውጣት የሚፈሰው አሲድ ወደዚያው ወንዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በጉዪዩ 165 ሕፃናትን መርምሮ ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ደም ውስጥ የእርሳስ መጠን በጊዜው ከተቀመጠው ወሰን አልፎ አግኝቶታል። የቻይና መንግሥት በ2015 የየቤቱን ወርክሾፕ ዘግቶ ሥራውን ወደ አንድ የኢንዱስትሪ መንደር አስገብቷል፤ ይህ መልካም እርምጃ ቢሆንም የእነዚያን ሕፃናት ደም አያነጻም።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሕፃኑን ደም የመረዘውና የአብራሪውን ሕይወት ለአደጋ ያጋለጠው ያው አንድ ንግድ ነው። የጦር አውሮፕላን ሠላሳና አርባ ዓመት ይበራል፤ በውስጡ ያለው ቺፕ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሠራቱ ይቆማል። ስለዚህ መለዋወጫ የሚፈልገው ወገን ወደ ደላላው ይሄዳል። ደላላው ደግሞ ሸቀጡን የሚያገኘው ማንም ሳይቆጣጠረው በርካሽ ከተጣለው ክምር ነው። በጨረታው ጥቂት ዶላር የተረፈ መስሎት የነበረው ሒሳብ ሹም በግዢው በኩል እጥፍ ድርብ ይከፍላል። ትርፉ የደላላው፣ ጉዳቱ የሠራተኛውና የወታደሩ ነው።

ከዚህም ሌላ የምስጢር ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በጋና ገበያ በ40 ዶላር የገዙት ያገለገለ ሃርድ ዲስክ የኖርዝሮፕ ግሩማን ኩባንያን የመንግሥት ውሎች የያዘ ሆኖ ተገኘ። በ2020 ደግሞ በጀርመን አገር የጦር ኃይሉ የነበረ አሮጌ ላፕቶፕ በኢንተርኔት ጨረታ በ90 ዩሮ ተሽጦ ሲከፈት፣ ኦዜሎት የተሰኘውን የአየር መከላከያ ሚሳይል አጠቃቀምና ማጥፊያ የሚያስረዳ ሰነድ በውስጡ ነበር። መቼም ጠላት እንዲህ ባለ ዋጋ ሰላይ ቀጥሮ አያውቅም! አሜሪካም ኤፍ-14 የተባለውን ተዋጊ በ2006 ከአገልግሎት ካወጣች በኋላ፣ መለዋወጫው ያንኑ አውሮፕላን ታበር ወደነበረችው ወደ ኢራን እንዳይደርስ በሚል በ2007 የክፍሎቹን ሽያጭ አግዳ፣ አውሮፕላኖቹን ማስፈጨት ግድ ሆኖባታል።

ሁሉም ይፈጭ ከተባለ ወርቁና መዳቡ ይባክናል፣ ለትምህርት ቤት የሚሆን ኮምፒዩተርም ይጠፋል የሚሉ ወገኖች አሉ። አስተያየታቸው ከቅን ልቦና የመነጨ በመሆኑ አናጣጥለውም። ነገር ግን የተፈጨ ሰሌዳ ወደ ማቅለጫ ሲገባ ማዕድኑ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ቺፑ ዳግመኛ ቺፕ ሆኖ የመሸጥ ዕድሉ ነው። ተራው የቢሮ ኮምፒዩተርም ዲስኩ ወጥቶ ለተማሪ ቢሰጥ ማንም አይጎዳም። ለበረራና ለጦር አገልግሎት የዋለው ግን በምንም ምክንያት ሳይሰባበር ከግቢ መውጣት የለበትም። የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ድርጅት ምስጢር የያዘ የፍላሽ ማኅደር 2 ሚሊ ሜትር እስኪያህል እንዲፈጭ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚያ በተረፈ ስባሪ ላይ እንኳ ጽሑፍ ሊነበብ ይችላልና።

ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ማነው የሚለው ጥያቄ እስካሁን ተገቢ ክብደት አልተሰጠውም። መፍታትና መፍጨት እንደ ቆሻሻ ሥራ ተቆጥሮ ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ኮንትራክተር ሲወረወር፣ ኮንትራክተሩም ለሌላ፣ ያም ለሌላ ያስተላልፈዋል፤ በመጨረሻ ኃላፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ፈቺው ሠራተኛ እንደ አውሮፕላን ጠጋኙ መካኒክ የሠለጠነ፣ ጭንብልና ጓንት የተሟላለት፣ በሚያገባው ደመወዝ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርና በስሙ የሚፈርም ሊሆን ይገባዋል። የእያንዳንዱ ዲስክና የእያንዳንዱ ሰሌዳ መለያ ቁጥር ከመጋዘን ወጪ ከሆነበት ቀን አንሥቶ ማቅለጫው በር እስኪደርስ በአንድ ሰነድ መከተል አለበት፤ የፈጨውም፣ ሲፈጭ ቆሞ ያየውም በዚያው ሰነድ ላይ ጎን ለጎን ይፈርሙ።